መዳፍ የምታህል ባንዲራ

ጥቅምት 6

ለታናሽ እህቴ፣

ለመሆኑ ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ጆሮዬም እንደምታውቂው ነው። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ የፋብሪካው ማሽኖች ሁሉ ቀጥ ሲሉ ሰው ሁሉ «እፎይ» አለ፤ እኔ መቆማቸውን ያወቅሁት ወለሉ መንቀጥቀጡን ሲተው ነው። ስለዚህ «ስልክ ልደውልልሽ» የምትዪውን ነገር ተዪው። ስልክ ላይ አንቺ ትጮኺያለሽ፣ እኔ «እህ?» እላለሁ፣ በመጨረሻ ሁለታችንም ተኳርፈን እንዘጋለን። በወረቀት ይሻለናል። በወረቀት ያልሽውን ደግሜ ላየው እችላለሁ።

ይኸው ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አየሁት። ስላልገባኝ አይደለም፤ ስላላመንኩሽ ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሹራብ ፋብሪካ ፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የሰው ሥራ እያገላበጥኩ እንከን የምፈልግ ሴት ነኝ። ደብዳቤሽንም እንደዚያው አገላበጥኩት። አንቺ እና ሹራብ? ልጅ ሆነን መርፌ ሳስይዝሽ እንቅልፍ ይወስድሽ አልነበር? ዕድሜሽን የሆስፒታል አንሶላ ስታጥፊ ፈጅተሽ፣ ዛሬ ብድግ ብለሽ በጥጥ የምትሞላ ትንሽ ባንዲራ ለጀማሪ እንዴት እንደምትሠራ ትጠይቂኛለሽ። ለማን እንደሆነ ደግሞ አንድ ቃል አልጻፍሽም።

ለማንኛውም ጠይቀሽኛልና ልንገርሽ። መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች ትሠሪያለሽ፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ ጀርባ። መርፌው ላይ ሠላሳ ቀለበት ትጀምሪያለሽ። ስምንት ረድፍ በታችኛው ቀለም፣ ስምንት በመሃለኛው፣ ስምንት በላይኛው። ከታች መጀመርሽን አትርሺ፤ ጀማሪ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ላይኛው ቀለም ላይ ስለሆነ ከሱ ይጀምርና ባንዲራውን ዘቅዝቆት ያርፋል። ክሩን መርፌው ላይ ከሥር ወደ ላይ ጠምጥሚው። ከላይ ወደ ታች ከጠመጠምሽው እያንዳንዱ ቀለበት እግሩን አጣምሮ ይቀመጣል፣ ጨርቁም ይደርቃል። እኔ እንዲህ ያለውን ሹራብ ወደ ሠሪው ነው የምመልሰው። ሁለቱ ቁራጮች ሲያልቁ ሦስቱን ጎን ትሰፊያለሽ፣ በአራተኛው በኩል ጥጡን ትሞዪያለሽ፣ ከዚያ ትዘጊዋለሽ። ይኸው ነው። ሕፃን የሚሠራው ነገር ነው።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ልጄ ድንቡሼ ከጻፈልኝ ሰባት ሳምንት ሆነው። ወታደር ሆኖም በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳይጽፍልኝ ቀርቶ አያውቅም፤ ስንቅ ቢያጣ እንኳ ወረቀት አያጣም ነበር። ለአንቺም እንደሚጽፍ አውቃለሁ። ደርሶሻል ወይስ አልደረሰሽም? ይህን ሳትመልሺ ስለ ክር ብቻ እንዳትጽፊልኝ።

እህትሽ


ጥቅምት 19

እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽን በሞቀ ውሃ እሽት አድርጊው፤ ምክር እንደማትሰሚ ባውቅም። ዘገየሁብሽ፣ ይቅርታ። የልብስ ክፍላችን ትልቁ ማጠቢያ ተበላሽቶ አንሶላውን ሁሉ በእጅ ስናጥብ ከረምን፣ ጣቶቼ ተጨማድደው እስክሪብቶ አልይዝ አሉ።

ባንዲራዋ ለማን እንደሆነች ጠይቀሽኛል። ከሆስፒታል ለሚወጡ ወታደሮች ናት። ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት ነርስ ናት፤ «ቆስለው መጥተው በባዶ እጃቸው ከሚሄዱ» አለችና እኛም የልብስ ክፍል ሴቶች እጃችንን አወጣን። እኔም አብሬ አወጣሁ። ሁሉም ሲያወጣ ብቻዬን ምን ልሁን?

ስለ ድንቡሼ አትጨነቂ። ያሉበት ቦታ ፖስታ የማይደርስበት ነው አሉ። ዝም ያለ ሁሉ ክፉ ነገር ገጥሞት አይደለም፤ አንቺ ደግሞ ከክፉው ነው የምትጀምሪው።

ጥያቄዎቼን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤልሻለሁ። ሳትስቂብኝ መልሺልኝ።

ታናሽሽ


ኅዳር 2

ለእህቴ፣

ደህና ነኝ፣ አንቺም ደህና ሁኚ። «አሉ» ብለሻል። እነማን ናቸው ያሉት? አንቺ ከአንሶላ ክምር ሥር የማትወጪ ሴት፣ የጦር ሰፈር ወሬ ማን ነው የሚያመጣልሽ?

ወደ ጥያቄዎችሽ ልሂድ። ከአራቱ ሦስቱ አስገርመውኛል።

ሳያዩ ፊትና ጀርባውን እንዴት እንደሚለዩ ለጠየቅሽው፤ ጣትሽን ከላይ ወደ ታች አንሸራትቺው። ሳይዝሽ ከሄደ ፊቱ ነው፤ እንደ ምስር ከቆረቆረሽ ጀርባው ነው። ሦስቱን ድውር ክር ሳያዩ ስለ መለየት ለጠየቅሽው፤ በታችኛው ቀለም ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጥሪ፣ በመሃለኛው ሁለት፣ በላይኛው ሦስት። ድውሮቹንም ለየብቻ ዕቃ ውስጥ አስቀምጪያቸው፣ እንዳይቀላቀሉ። ረድፍ ስለ መቁጠር ላልሽው፤ ስምንት አዝራር በግራ ኪስሽ ያዢ፣ አንድ ረድፍ በጨረስሽ ቁጥር አንዱን ወደ ቀኝ ኪስ አሳልፊ። ግራው ባዶ ሲሆን ቀለም ትቀይሪያለሽ። አራተኛው ስለ ጥጡ ነው፤ እሱ እንኳ የጤነኛ ሰው ጥያቄ ነው። ጥጡን በትንሽ በትንሹ ዘርዝረሽ፣ መጀመሪያ ማዕዘኖቹን ሙዪ።

መለስኩልሽ። አሁን አንቺ መልሺልኝ። ዓይንሽን ምን ነካው? ከመንገድ ማዶ የሄደ ሰው ምን ዓይነት ጫማ እንዳደረገ የምትነግሪኝ ሴት፣ ሦስት ቀለም በቋጠሮ ልትለዪ ነው?

ሌላ ነገር ልንገርሽና አትደንግጪ። ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን ታስታውሻታለሽ። ባለፈው ወር ሁለት ሰዎች መጥተው የልጇን ልብስ በካርቶን አስረከቧት። ካርቶኑ ላይ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? መዳፍ የምታህል፣ በጥጥ የተሞላች ባንዲራ። «መታሰቢያ ናት» ብለው ሰጧት። የስፌት ማሽኗ ላይ አስቀምጣታለች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽኑን ስትነካው አላየሁም። እንግዲህ አንቺ ለሚወጡት ናት ትዪኛለሽ፤ እኔ ያየኋት አንዷ ግን ለቀረ ሰው ነው የመጣችው።

የዘማች ቤተሰብ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮም ሄጄ ነበር። ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ በጣቱ ወረደና፣ ጮክ ብሎ እንዲናገር ጆሮዬን ስላሳየሁት በወረቀት ላይ «ከሞቱት ውስጥ የለም» ብሎ ጻፈልኝ። ተመስገን ብዬ ልወጣ ስል ገጹን ገለጠና የሆነ ቦታ ላይ ቆመ። እኔን ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መዝገቡን ዘጋው። ምን እንዳየ ስጠይቀው ሰዓቱን አሳየኝ፤ የምሳ ሰዓት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያ ገጽ ከፊቴ አልጠፋም።

እህትሽ


ኅዳር 13

እትዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ይሄኛው አጭር ነው። አዎ፣ ዓይኔን ትንሽ አሞኛል። ሐኪሙ መነጽር አዞልኛል፣ እስኪሠራልኝ በዳበሳ ነው የምውለው። ስላልነገርኩሽ አትቆጪ፤ አንቺ ስትሰሚ ከሕመሙ በላይ ታደርጊዋለሽ።

ስለ ልብስ ሰፊዋ በጣም አዘንኩ። የእኛዎቹ ግን በእግራቸው ለሚወጡት ናቸው። ጸሐፊውንም ተዪው፤ የትኛው ጸሐፊ ነው ምሳ ሰዓት ሲደርስ መዝገብ የማይዘጋ?

የአዝራሯ ዘዴ ግሩም ናት፣ ሥራው ተቃና። ደግሞ የወታደር ኮት አዝራር ስለሆኑ ትልልቅ ናቸው፣ ጣት አይስታቸውም። በጣም ነው የሳቅነው። ሌላ ጥያቄ አያይዣለሁ።

ታናሽሽ


ኅዳር 24

ለእህቴ፣

ሰላምታውን ልዝለለው፣ ዛሬ ሰላም የለኝም።

ቀለም መቀየሪያው ጋ ቀዳዳ እንዳይፈጠር አዲሱን ክር ከአሮጌው ጋር አንድ ጊዜ አጠላልፈሽ ጥበቅ አድርጊው። ከመርፌ ያመለጠ ቀለበት በጣት ለማግኘት፣ መርፌውን ሳታነሺ ከረድፉ ሥር በጣትሽ ፈልጊ፤ እንደ ላላ አዝራር ይንጠለጠላል። የጥያቄዎችሽ መልስ ይኸው ነው።

አሁን እኔ የምለውን ስሚ። ዓይኔን አሞኛል ብለሻል። ደብዳቤሽን ግን መስኮት ላይ ወስጄ አየሁት። መስመሩን አንዲት ፊደል አልሳተችም፤ በጠርዙ ላይ የደረብሻት ትንሿ ማስተካከያ ሳትቀር በቦታዋ ናት። በዳበሳ የሚውል ሰው እንዲህ አይጽፍም። ዓይንሽ ደህና ነው። ዋሽተሽኛል።

ደግሞ «ሳቅን» ብለሻል። ከማን ጋር ነው የሳቅሽው? የልብስ ክፍሉ ሴቶች ናቸው እንዳትዪኝ፤ እነሱ ዓይን ካላቸው አዝራር ምን ያደርግላቸዋል? አዝራሮቹስ የማን ኮት ናቸው? አንቺ ጋ የወታደር ኮት ምን ይሠራል? ወታደር ኮቱን ለብሶት ይሄዳል እንጂ አዝራሩን እየበጠሰ ለልብስ አጣፊ አይሰጥም። ባለቤቱ የማይለብሰው ኮት ነው አዝራሩ የሚበጠሰው።

እንግዲህ ልጠይቅሽ። ልጄ ሞቷል ወይ? ያቺ ባንዲራ የእኔ ናት? ሰው ሁሉ ተስማምቶ፣ አንቺም፣ ጸሐፊውም፣ የልጄን መታሰቢያ ራሴው እያስተማርኳችሁ ነው ወይ? እንደዚያ ከሆነ ከመቼውም በላይ አዝኜብሻለሁ። አንድ ማሕፀን ነው ያበቀለን፤ እንዲህ ያለ ነገር ከጎረቤት ከምሰማው አንቺ ብትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር።

የሠራሽውን ቁራጭ ላኪልኝ። ሰበብ አልፈልግም፣ ሌላ ሐሳብ አልፈልግም፣ ቁራጩን ብቻ። አንቺን ባላምንሽም ጨርቁን አምነዋለሁ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 5

እትዬ፣

በሕይወት አለ። በእናታችን እምልልሻለሁ፣ አለ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፤ ቃል ገብቻለሁ፣ ቃሌን ካጠፍኩ ደግሞ ሰው ነው የማጣው።

ቁራጩን ልኬልሻለሁ። የፊቱ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት። ጥያቄ የለኝም።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 12

ለታናሼ፣

ቁራጩ ዛሬ ደረሰኝ። ፋብሪካ ይዤው ሄድኩና ምሳ ሰዓት ላይ የፍተሻ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት፣ መብራቱን አበራሁ፣ ማጉሊያውን አነሳሁ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ፈርቼ ጨርቅ አይቼ አላውቅም።

አንቺ አልሠራሽውም።

እንዴት አወቅሽ ትዪኛለሽ። ቀለበቶቹ ሁሉ እግራቸውን አጣምረዋል። ሰባት መቶ ሃያዎቹም። ጀማሪ ይሳሳታል፣ አውቃለሁ፤ ግን ጀማሪ አንዱን ያጣምራል፣ ሁለተኛውን ያቀናል፣ ሦስተኛውን ይጥለዋል። አንዱን ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል። ይሄ እጅ ግን አንዲት ስህተት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሷንም ሰባት መቶ ሃያ ጊዜ፣ በአንድ ልክ፣ እንደ ማሽን ደግሟታል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃት ስህተት ናት። የረድፉን የመጀመሪያ ቀለበት ደግሞ ሳይሠራ ነው የሚያሳልፈው፤ ችኩል ስለሆነ።

እኔ ቤት ሹራብ ስሠራ ድንቡሼ ከጎኔ አይቀመጥም ነበር። ፊት ለፊቴ ዱካ ላይ ጉብ ብሎ እጄን እያየ ነው የተማረው። ፊት ለፊት ስላየው ሁሉም ነገር ተገለበጠበት፤ እኔ ክሩን ከሥር ስጠመጥም እሱ ከላይ ጠመጠመው። የጀመረውን ያንገት ልብስ ሦስት ጊዜ አስፈታሁት። በአራተኛው አለቀሰና ተውኩት። በዓለም ላይ እንዲህ የሚሠራ ሌላ እጅ አላውቅም።

ልጄ አንቺ ቤት ነው። ያን ሳውቅ ጠረጴዛው ላይ ሳቅሁ፤ ከጎኔ የምትሠራው ሴት አበደች ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ውሃ አመጣችልኝ።

ከዚያ ግን ቁራጩን አዞርኩት። መሃለኛው ቀለም ውስጥ አራት ረድፍ በታችኛው ቀለም ተሠርቷል። ድንገት፣ ያለ ምክንያት። የድውሩ ቋጠሮ ተፈትቶበት ይሆናል። ዓይኑ የሚያይ ሰው አንድ ቀለበት እንኳ ሳይሠራ ይነቃ ነበር። እሱ አራት ረድፍ ሄዷል።

ጥያቄዎችሽን ከመሳቢያዬ አውጥቼ አንድ በአንድ ደግሜ አነበብኳቸው። ሳያዩ ፊትና ጀርባ። ሳያዩ ቀለም። ሳያዩ መቁጠር። የጠፋውን በጣት መፈለግ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነግረሽኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የአንቺን ዓይን የጠረጠርኩ። ጸሐፊው የዘጋው ገጽም የቁስለኞች ኖሯል።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሁለቱም ናቸው ወይስ አንዱ? እና ለምንድነው ከእናቱ የሚደበቀው?

እህትሽ


ታኅሣሥ 20

እትዬ፣

ሁለቱም ናቸው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል፣ አይመለስም። ሌላው አካሉ ደህና ነው። ይበላል፣ ይራመዳል፣ በር በገባ ቁጥር ጉበኑን ይሰድባል።

ያገኘሁት በኮቱ ነው። የቆሰሉት ልብስ ለእጥበት ሲመጣ ኪስ የምፈትሸው እኔ ነኝ። አንገቱ ላይ አንቺ በጥልፍ የጻፍሽውን ስሙን አየሁ። በአንድ ክፍለ ጦር ውስጥ «ድንቡሼ» የሚባል ሁለት ሰው አይኖርም። ደረጃውን ስሮጥ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ቀረ። ከዚያ በኋላ እኔ ጋ አመጣሁት፣ ሦስት ወር ሊሞላው ነው።

ልጽፍልሽ እስክሪብቶ ሳነሳ እጄን ያዘኝ። ያለኝን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ «አክስቴ፣ እናቴ እንከን ፈታሽ ናት። እንዲህ ሆኜ ጠረጴዛዋ ላይ አልቀርብም። መጀመሪያ በእጄ የሠራሁትን ትይ፣ ከዚያ እኔን።» ከነገርኳት እወጣለሁ፣ የትም እሄዳለሁ አለ። የት ሊሄድ? ግን የሚያደርገው መሰለኝ፣ ፈራሁ፣ ማልኩለት።

የባንዲራዋ ነገር እውነት ነው፤ ነርሷም እውነት ናት። ሲወጣ አንዷን ሰጥታው ነበር። በጣቱ ዳሰሳትና «ይቺን እናቴ ብታያት ትመልሳት ነበር» አለ። ከዚያ እኔ እሠራለሁ አለ። ዓይኔን የከፈልኩባት ባንዲራ ናት፣ አንዷን ለእናቴ ራሴ እሠራላታለሁ አለ። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብለት፣ «ሕፃን የሚሠራው ነገር ነው» ያልሽው ጋ ስደርስ ሳቀ። እትዬ፣ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያን ቀን ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ደብዳቤሽ ሲዘገይ እኔ ሳልሆን እሱ ነበር በር በር የሚለው።

ቁራጩን ሳይልክ ሁለት ቀን ይዞት ቆየ። «ታውቀዋለች» አለኝ። እኔ ደግሞ «ምኑን ታውቃለች፣ ሹራብ ሹራብ ነው» ብዬ አስላክሁት። አራቱን ረድፍ አይቼ ነበር፤ ልነግረው አፌ እምቢ አለኝ። አሁን ማወቅሽን ሲሰማ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ምን እንደምለው ጨነቀኝ፤ አንቺ ጻፊለት።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 27

ለድንቡሼ፣

ይህን አክስትህ ናት የምታነብልህ። የምታለቅስ ከሆነ ውሃ ጠጥታ ትቀጥል፣ እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ።

መጀመሪያ ፖስታው ውስጥ ያለውን ቁራጭ ተቀበላት። ጀርባው ነው፤ ፊቱን አንተ ሠርተኸዋል፣ ጀርባውን እኔ። ደብዳቤውን ለጊዜው ታቁመውና በደንብ ዳስሰው።

ዳሰስከው? እንግዲያው ቀጥዪ በላት።

ተናድጄብሃለሁ፣ እሱን መጀመሪያ ልናገረው። ከአሥራ ሰባት ሳምንት በላይ ቢሮ ለቢሮ አዙረኸኛል፣ አክስትህን ውሸታም አድርገኸታል፤ እሷ ደግሞ ለውሸት አልተፈጠረችም፣ አንድ ዋሽታ ሦስት ነገር ታወጣለች። እንከን ፈታሽ መሆኔ እውነት ነው። የፍተሻ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው ግን የሰው ሹራብ ነው። አንተን ስወልድህ አገላብጬ አላየሁህም፣ እንዳለህ ነው የተቀበልኩህ። አሁንም እንዳለህ ነው የምቀበልህ። የተናደድኩት ይህን ባለማወቅህ ነው እንጂ በዓይንህ ምክንያት አላፈርኩብህም፣ አላፍርብህምም። አዝኛለሁ። በጣም አዝኛለሁ፤ ያን ደግሞ አልደብቅህም።

ስለ ቁራጩ ልንገርህ። ጣትህ ነግሮህ ይሆናል፤ ቀለበቶቹ ሁሉ እግራቸውን አጣምረዋል። እንዳንተ። ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት የተጣመረች ቀለበት ሳላሳልፍ የኖርኩ ሴት፣ ሰባት መቶ ሃያውን አጣምሬ ሠራሁልህ። ቀላል እንዳይመስልህ። እጄ እምቢ እያለኝ ሳላውቀው ትክክል ይሆንብኛል፤ ትክክል በሆነብኝ ቁጥር ፈታሁት። ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ልክ አንተን እንዳስፈታሁህ። ያኔ ለምን እንዳለቀስክ አሁን ገባኝ።

ሌላም ነገር አለ፣ አክስትህ ሳትነግርህ ቀርታለች። ፊቱ ላይ መሃለኛው ቀለም ውስጥ አራት ረድፍ በታችኛው ቀለም ሠርተሃል። ቋጠሮው ተፈትቶብህ ነው። እኔ ካልነገርኩህ ሌላ ማን ይነግርሃል? ደግሞ እንዳትፈታው። ጀርባው ላይም በዚያው ቦታ አራት ረድፍ በዚያው ቀለም ሠርቻለሁ። አሁን ፊትና ጀርባው ልክ ለልክ ነው፤ የእናቱ ናት፣ የልጁ ናት ብሎ የሚለይ ፈታሽ ካለ ይምጣ።

ከፋብሪካ የአሥር ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፣ ማክሰኞ ከሰዓት እናንተ ጋ ነኝ። እኔ አልሰማ፣ አንተ አታይ፤ የምታሳዝነኝ በመካከላችን የምትቀመጠው አክስትህ ናት። አሥር ቀን ሙሉ ለእኔ ስትጮህ፣ ለአንተ ስታስረዳ ነው የምትከርመው። ከዚያ ይዤህ እመለሳለሁ። ዱካህ እስካሁን አልተጣለም፤ ቁመትህ አይፈቅድልህም እንጂ ቦታው ላይ ነው። የልብስ ሰፊዋ ቤት ግን አብረን እንሄዳለን። የልጇን ባንዲራ በእጅህ ታይላታለህ፤ ስለ ልጇ የምታውቀው ካለም ትነግራታለህ። ለእሷ በር አንኳኩተው ካርቶን ነው ያመጡላት፤ ለእኔ ባንዲራዬን ከነሠሪዋ ነው የማመጣት።

እስከዚያ ሥራ አትፍታ። ሁለቱን ቁራጮች ገጥመህ ሦስቱን ጎን ስፋ። ጥጡን ዘርዝረህ ሙላው፣ ማዕዘኖቹን መጀመሪያ። አራተኛውን ጎን ክፍት ተወው። ማክሰኞ ስመጣ መርፌውን አንተ ትይዛለህ፣ ክሩን እኔ አስገባልሃለሁ።

እናትህ